የላቫጆው ዘይት፣ ውሃና አየር፦ ከደብረ ብርሃን የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር መጀመሪያ

ጉዳዩ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለ አንድ ላቫጆ ነው። አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ከሥሩ ሲታጠብ የተቃጠለ ዘይቱና ግራሶው ከውሃው ጋር ወደ ቦይ ይወርዳል፤ የቦዩ ማብቂያ ደግሞ በረሳ ወንዝ ነው። ባለቤቱ ዘይቱን የሚያስቀር ሣጥን ከላሜራ ሊያስበይዱ አስበዋል። «በዚያ ኮምፒውተርህ የውሃ አካሄድ ታወጣለህ ይሉኛል፤ ላሜራው ከመቆረጡ በፊት እስቲ እየው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ላሜራ ውድ ነው፣ አንዴ ከተቆረጠም ተቆረጠ።

ሐሳባቸው ቀላል ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን፤ ውሃው እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይቆምበታል። በአንዱ ጫፍ በ5 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ይገባል፣ በሌላው ጫፍ ጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ) ያለው ቱቦ ከታች ስቦ ያስወጣዋል። ዘይቱ «ወጥ ላይ እንዳለ ቅቤ» ከላይ ይሰፍፋል፤ በሳምንት አንዴ በጣሳ ይቀዳል። የሚገባውን መጠን ለማወቅ የውሃውን ጎማ ጀሪካን ውስጥ ከተትነው፤ ባለ 20 ሊትሩ በ80 ሰከንድ ሞላ። በደቂቃ 15 ሊትር ማለት ነው። ሣጥኑ 240 ሊትር ውሃ ስለሚይዝ ውሃው በአማካይ 16 ደቂቃ ይቆይበታል። ወረቀት ላይ ሲታይ ከበቂ በላይ ነው።

ኅዳር አጋማሽ፦ ሶፍትዌሩና ልኬቱ

ሦስት የማይቀላቀሉ ነገሮች አሉኝ፦ ውሃ፣ ዘይት፣ አየር። የምሠራው የፈሳሽ አካሄድ በሚያሰላው በኦፕንፎም ነው፤ ነጻ ነው፣ ኡቡንቱ ላይ በቀላሉ ይጫናል። ለሁለት ፈሳሽ ኢንተርፎም፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ መልቲፌዝኢንተርፎም የሚባል ፕሮግራም አለው። የኦፕንፎም ፋውንዴሽን በሚያወጣቸው አዳዲስ እትሞች አጠራራቸው ተቀይሯል፤ እኔ ግን እጄ የለመደውን የቆየውን እትም አልለቀቅሁም።

መሠረቱ ሂርትና ኒኮልስ በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ነው። ቦታውን በትንንሽ ሴሎች ትከፍላለህ፤ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ስንት እጁ ውሃ፣ ስንት እጁ ዘይት፣ ስንት እጁ አየር እንደሆነ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ትመዘግባለህ። የሦስቱ ድምር ሁልጊዜ 1 ነው። በዘይቱና በውሃው መካከል ያለው ድንበር እንደ መስመር የትም አልተጻፈም፤ ቁጥሩ ከ1 ወደ 0 ሲወርድ የሚታይ ነገር ነው። ያ መውረድ ሁለት ሦስት ሴል ይፈጅበታል፤ ፕሮግራሙ ድንበሩን መልሶ የሚያጨምቅበት ዘዴ ቢኖረውም ከዚያ በታች አይወርድለትም። በ2016 እ.ኤ.አ. እነ ሮንቢ ያወጡት ድንበሩን አጥርቶ የሚይዝ ዘዴ ኦፕንፎም ውስጥ ገብቷል፤ የገባበት ፕሮግራም ግን ለሁለት ፈሳሽ ብቻ ነውና ለኔ አልሆነም።

ከሶፍትዌሩ ጋር አራት ፈሳሽ ያለበት የግድብ መደርመስ ምሳሌ ይመጣል፦ ውሃ፣ ዘይት፣ ሜርኩሪና አየር። ብዙ ሰው እሱን ገልብጦ ነው የሚጀምረው፤ እኔም እንደዚያው። ግን ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ ያስፈልጋል። እዚያ ያለው ዘይት እፍግታው 500 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው፤ ዝልግልግነቱ (ለመፍሰስ ያለው እምቢታ) ከውሃ ጋር እኩል ተደርጓል፤ የሁሉም ጥንድ የገጽ ውጥረት (ሁለት ፈሳሾች የሚገናኙበትን ገጽ እንደ ቆዳ የሚወጥረው ኃይል) 0.07 ኒውተን በሜትር ነው። ለማሳያ የተሞላ ቁጥር ነውና አይከፋም። ነገር ግን በዚያ ዘይት ሣጥን የሚነድፍ ሰው ከእውነተኛው የሞተር ዘይት አራት እጥፍ የሚበልጥ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል በነጻ አገኘ ማለት ነው።

ስለዚህ መለካት ነበረብኝ። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይዤ ዲጂታል ሚዛን ያለው ሱቅ ሄድኩ። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ዘይት፣ ሁለቱንም እስከ አንገቱ ተመሳሳይ ምልክት ድረስ። የባዶውን ክብደት ቀንሼ የዘይቱን ለውሃው ሳካፍል 0.88 መጣ። ባለሱቁ የተቃጠለ ዘይት የምሸጥ መስሎት ዋጋውን ጠየቀኝ። የላቫጆው ውሃ ሙቀት ጠዋት ጠዋት 10 ዲግሪ ነው፤ የኅዳር ውርጭ ለሮቶም አይራራም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የ10 ዲግሪ ውሃ ከ20 ዲግሪው በ30 በመቶ ይዘልጋል፤ የዘይት ጠብታም በዚያው ልክ ቀስ ብላ ትወጣለች። ለዘይቱ ዝልግልግነት ከውሃው 500 እጥፍ ያዝኩ።

አየሩንም አስተካከልኩት። በ2,800 ሜትር ከፍታ፣ በ15 ዲግሪ፣ የአየር እፍግታ 0.87 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ አካባቢ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 1.2 ይሆናል። ውጤቱ ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም። አየር ከውሃ ሺህ ጊዜ ስለሚቀል፣ ትንሽ ቢጨምር ቢቀንስ ውሃው አያውቀውም። የሀገሬን አየር ማስገባቴ ግን ደስ አሰኝቶኛል።

ኅዳር መጨረሻ፦ በእጅ የሚሰላ ፈተና

ሣጥኑን ከመንካቴ በፊት መልሱን አስቀድሜ የማውቀው ነገር ሰጠሁት። አንድ ገንዳ በግድግዳ ለሁለት ይከፈላል፤ ግድግዳው ከታች ክፍት ነው። በአንዱ ወገን ውሃው ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ዘይት አለ፣ በሌላው ወገን ውሃ ብቻ። ታች ያለው ግፊት እኩል መሆን ስላለበት፣ የዘይቱ ወገን ከፍ ብሎ መቆም አለበት። በስንት? በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ 12 በመቶ፣ ማለትም 1.2 ሳንቲ ሜትር።

ሴሎቼ 5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ድንበሩ በሁለት ሦስት ሴል ላይ ሲበተን ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ ፓራቪው (ውጤቱን በሥዕል የሚያሳየው ፕሮግራም) ላይ ሥዕሉን አይቶ 1.2 ሳንቲ ሜትር ማንበብ አይቻልም፤ የምትለካው ነገርና ብዥታው እኩል ናቸው። መውጫው ቀላል ነው፦ ሥዕሉን ትተህ ከታች እስከ ላይ ባሉት ሴሎች ያለውን የውሃና የዘይት እጅ በሴሉ ቁመት እያባዛህ ትደምራለህ። ዘዴው ድንበሩን ቢያደበዝዝም መጠኑን አያጠፋም። እንዲያ ሲደመር 1.2 ሳንቲ ሜትር ቁጭ አለ።

ሌላው ያየሁት፣ ዝም ብሎ መቆም ያለበት ዘይት ዝም አለማለቱ ነው። ድንበሩ ላይ ትንንሽ አዙሪቶች ይፈጠራሉ። ፊዚክስ አይደሉም፤ የገጽ ውጥረቱ ስሌት ደብዛዛ ድንበር ላይ ጥምዝ ሲፈልግ የሚፈጥራቸው ናቸው። ብራክቢልና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ዘዴ የሚጠቀም ሁሉ ያውቃቸዋል። ሰዎች ሊያስወግዷቸው ብዙ ይደክማሉ፤ እኔ የሄድኩት በአቋራጭ ነው። በዘይትና በውሃ መካከል ያለውን ውጥረት 0.03 ብዬ ብይዘው፣ ውጥረት ከስበት ጋር የሚመጣጠነው በ5 ሚሊ ሜትር መጠን ላይ ነው። ሣጥኔ ከአንድ ሜትር በላይ ነው፤ ትንሿ ሴሌ ራሷ 5 ሚሊ ሜትር ናት። ውጥረቱን 0 አደረግሁት፤ አዙሪቶቹ ጠፉ፣ ስሌቱም ፈጠነ። ለጠብታ ጥናት ይህ ነውር ነው፤ ለሣጥን ግን ትክክለኛው ውሳኔ ነው።

ታኅሣሥ፦ ጠብታው የት ገባ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ከመኪና ሥር የሚመጣው ዘይት እንደ ንጣፍ ተዘርግቶ አይመጣም፤ በግፊት ውሃ ተመትቶ ጠብታ ሆኖ ነው የሚደርሰው። አንዲት የ0.1 ሚሊ ሜትር ጠብታ በ5 ሚሊ ሜትር ሴል ውስጥ የምትይዘው ከሚሊዮን አራት እጅ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ጠብታ መሆኗን አያውቅም፤ ከውሃው ጋር አብራ የምትሄድ ቅንጣት ቁጥር ናት። ሣጥኑን በ5 ሚሊ ሜትር ስከፍለው ወደ 2.9 ሚሊዮን ሴል ይሆናል፤ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ብወርድ 360 ቢሊዮን። በዚያ ላይ የገጽ ውጥረት ከተመለሰ የጊዜ እርምጃው 350 ጊዜ ያጥራል። እንኳን የኔ ላፕቶፕ ሌላም አይችለው።

ስለዚህ ለጠብታው ኮምፒውተሩን ዘግቼ እስክሪብቶ አነሳሁ። የስቶክስ ሕግ የ1851 እ.ኤ.አ. ነው፤ የጠብታ መውጫ ፍጥነት በስፋቷ ካሬ ይጨምራል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የዘይት መለያ ገንዳ ሲነድፍ የሚነሳው ከ150 ማይክሮን (0.15 ሚሊ ሜትር) ጠብታ ነው። ያቺ ጠብታ በኛ የ10 ዲግሪ ውሃ በሰከንድ 1.1 ሚሊ ሜትር ትወጣለች፤ 40 ሳንቲ ሜትሩን በስድስት ደቂቃ ትጨርሳለች። የ20 ማይክሮኗ ግን ለዚያው መንገድ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጅባታል፤ ውሃው ደግሞ በ16 ደቂቃ ይወጣል። እሷ አመለጠች ማለት ነው።

የትኛዋ ትቀራለች? የሚገባውን ፍሰት ለሣጥኑ የላይ ስፋት ማካፈል ነው፦ 0.42 ሚሊ ሜትር በሰከንድ። ከዚህ የፈጠነች ትያዛለች፤ በኛ ውሃ ይህ ከ91 ማይክሮን በላይ ያለችው ናት። ልብ በሉ፣ ጥልቀቱ ስሌቱ ውስጥ የለም። ውሃው ጥልቅ ሲሆን ብዙ ይቆያል፤ ጠብታዋም በዚያው ልክ ብዙ መንገድ አለባት፤ ይጣፋሉ።

ይህን ለባለቤቱ ለማስረዳት ጊዜ ወሰደ።

«ታዲያ ጠለቅ ባደርገውስ?»

«ጋሼ፣ ጥልቀት አይጠቅምዎትም። ሰፋ ያድርጉት።»

«ላሜራው ይበዛብኛላ!»

አይበዛም። ቁጭ ብለን ቆጠርነው። የመጀመሪያው ሣጥን፣ ክዳን ሳይጨምር፣ 2.64 ሜትር ካሬ ላሜራ ይበላል። ርዝመቱን 160፣ ወርዱን 60፣ ቁመቱን 40 ብናደርገው 2.72 ይሆናል። ውሃው 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲቆም የሚይዘው ያንኑ 240 ሊትር ነው። የሚያዘው ጠብታ ግን ከ91 ወደ 72 ማይክሮን ይወርዳል። በጣታቸው መሬት ላይ ጫር ጫር አድርገው ከሳሉት በኋላ «በል እንግዲህ» አሉ።

ከገና በፊት፦ ቱቦው

የስቶክስ ሒሳብ የሚሠራው ውሃው በሣጥኑ ሙሉ ስፋት እኩል ሲጓዝ ነው። እኩል መጓዙን ደግሞ ከኮምፒውተሩ በቀር የሚነግረኝ የለም። ሲሙሌሽኑ ሥራው ከዚህ ጀመረ።

በሁለት አቅጣጫ ብቻ ስሠራው ሁሉም ሰላም ነበር። ሰላሙ ግን ከሒሳቡ አይደለም፤ በሁለት አቅጣጫ ሲሆን ክብ ቱቦው በሣጥኑ ወርድ ሙሉ የተዘረጋ ስንጥቅ ሆኖ ይቆጠራል። ያው 15 ሊትር በስንጥቁ በሰከንድ 8 ሚሊ ሜትር ሲገባ፣ በእውነተኛው ቱቦ 127 ሚሊ ሜትር ይገባል። በአዲሱ ሣጥን ውስጥ ያለው አማካይ ፍጥነት 1.7 ብቻ ነው። ሰባ ስድስት እጥፍ!

ስለዚህ ሦስት አቅጣጫ፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ስለሆነ ግማሹን ብቻ፣ በ1 ሳንቲ ሜትር ሴል፣ 192,000 ሴል ሆነ። ላፕቶፑ በአራት ኮር ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ይሄዳል፤ ኮንትሮልዲክት (የኦፕንፎም ማዘዣ ፋይል) ውስጥ «ከመጨረሻው ጊዜ ጀምር» የሚለውን መምረጥና ውጤቱን ቶሎ ቶሎ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ እዚህ ሀገር አማራጭ የለውም። ዲስኩ ይሞላል፤ ይሙላ።

ያየሁት ይህን ነው። ከቱቦው የወጣው ውሃ ልክ ከገጹ በታች ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ከወዲያኛው ግድግዳ ይጋጫል፣ ግድግዳውን ይዞ ወደ ታች ይታጠፋል፣ መውጫው አፍ ላይ ይደርሳል። ከግራና ከቀኝ ያለው ውሃ በዝግታ ወደ ኋላ ይዞራል። 16 ደቂቃ የተባለው ቆይታ ለዚያ ውሃ የለም። ከዚህ የባሰው፣ የሰፈፈውን ዘይት ከመግቢያው እየገፋ መውጫው ወዳለበት ጫፍ ይከምረዋል።

መፍትሔው ቱቦው ጫፍ ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ የቱቦ መጋጠሚያ) መግጠም ሆነ፤ ውሃው ለሁለት ተከፍሎ ከጎን ግድግዳዎች ጋር ይጋጫል፣ ጉልበቱን እዚያ ይጨርሳል። ቀጥሎ ከመግቢያው 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ በመሠርሠሪያ የተበሳሳ ላሜራ ይቆማል። ቲ ብቻውን ነገሩን በጣም አሻሽሎታል፤ የተበሳሳው ላሜራ ብቻውን ግን ያን ያህል አልረዳም፣ ጅረቱ መሐል ባሉት ቀዳዳዎች አልፎ ይሄዳል። ሁለቱ አብረው ናቸው የሠሩት።

ከጥምቀት በኋላ፦ መውጫው

በመውጫው ወገን ሦስቱም ፈሳሽ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ሥራውንም የወደድኩት እዚህ ነው። ቱቦው ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ጎሚቶ አለ፤ ወደ ውጭ ታጥፎ ወደ ቦይ ይወርዳል። በዝግታ ሲፈስ ምንም የለበትም። ሣጥኑ ላይ ግን ባልዲ ውሃ እንደተደፋበት አድርጌ ፍሰቱን ለአጭር ጊዜ ከፍ አደረግሁት። ጎሚቶው ውስጥ የነበረው አየር አረፋ አረፋ እየሆነ ወጣ፣ ቱቦው ጢም ብሎ ሞላ። ከዚያ በኋላ ባልዲው ቢያልቅም መሳቡን አላቆመም፤ ሲፎን ሆኗል። የውሃው ከፍታ ወረደ፣ 5 ሳንቲ ሜትር የነበረው የዘይት ንጣፍ እንዳለ አብሮት ወረደ፣ የቱቦው አፍ ጋ ሲደርስ ጉድጓድ ሠርቶ ገባ።

ቪዲዮውን ለባለቤቱ በስልክ አሳየኋቸው።

«ቀዩ ዘይቱ ነው?»

«አዎ።»

«እና የሳምንቱን በአንድ ባልዲ ይዞት ሄደ?»

በጎሚቶው ፈንታ ላይዋ ክፍት የሆነ ቲ ስናስገባ አየር ይገባል፣ ሲፎኑም አይያዝም። በዋጋ የአንድ ቲና የአንድ ጎሚቶ ልዩነት ብቻ ነው።

የካቲት፦ ብየዳና ቀይ ሥር

ሣጥኑ ተበየደ። በያጁ የተበሳሳውን ላሜራ ተነቃይ አድርጎ ሐዲድ ሠራለት፤ እኔ ያላሰብኩት፣ ለማጠብ የሚመች ነገር። ዘይት ሳይገባበት በፊት በንጹህ ውሃ ሞከርነው። ቀይ ሥር ቀቅለን ውሃውን መግቢያው ላይ አፈሰስንና መውጫው ላይ ቀይ እስኪታይ ጠበቅን። የቀይ ሥሩን ውሃ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ ግድ ነው፤ ሞቅ ካለ ከላይ ከላይ ይሄድና ሌላ ነገር ትለካለህ። ቲውን አውልቀን ስንሞክር ደቂቃ ሳይሞላው ቀላ፤ ሲሙሌሽኑም ያለው ይህንኑ ነበር። ከቲውና ከተበሳሳው ላሜራ ጋር ግን ከአምስት ደቂቃ በላይ ቆየ። የሲሙሌሽኑ ሰባት ነበር። የ1 ሳንቲ ሜትር ሴል የላሜራውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ አያያቸውም፤ ልዩነቱ ከዚያ ይመስለኛል።

የካቲት መጨረሻ፦ ሳሙናው

ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዘይቱ ይሰፍፋል፤ የሚወጣው ውሃ ግን ከሰዓት በኋላ ይነጣል። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ አዘጋጀሁ፦ በአንዱ ውሃና የተቃጠለ ዘይት፣ በሌላው ከዚያው ላይ አንድ ማንኪያ ዱቄት ሳሙና። እኩል ናጥኳቸው። የመጀመሪያው በሰዓት ውስጥ ለየ። ሁለተኛው በማግስቱም ወተት መሰል ነበር። ሳሙና በዘይትና በውሃ መካከል ያለውን ውጥረት ስለሚጥለው ጠብታው ይደቃል፤ ጠብታዎቹ መልሰው እንዳይገናኙም ይከላከላል። የደቀቀ ጠብታ ዕጣ ደግሞ የ20 ማይክሮኗ ዕጣ ነው። ሲሙሌሽኑ ውስጥ ውጥረቱን 0 ያደረግሁት ሣጥኑን ለማየት ነው፤ የሳሙናን ነገር እንዲነግረኝ አልጠብቅም፣ አልጠየቅሁትምም።

የሚሆነው የአሠራር ለውጥ ነው። የመኪናው ሥር መጀመሪያ ያለ ሳሙና በግፊት ውሃ ይታጠብ፣ ውሃው ወደ ሣጥኑ ይሂድ፤ የሳሙናው ውሃ በሌላ ቦይ ይሂድ። ባለቤቱ አልወደዱትም። «አረፋ ያላየ ደንበኛ ታጠበልኝ አይልም» አሉ። አረፋው ለላይኛው አካል ይሁን ተባብለናል። አጣቢዎቹ ልጆች እየለመዱት ነው፤ ሥራ ሲበዛ ግን ሁለቱም አንድ ቦይ ይገባሉ። የሳሙናው ውሃ ራሱ የት ይሂድ የሚለው አልተፈታም።

መጋቢት፦ አሁን ያለበት

የሚሰበሰበው የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ይቀመጣል፤ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት የሚቀባ ሁሉ ይፈልገዋል። ያልጠበቅነው የጭቃው ብዛት ነው። የዋልካ አፈር በየጎማው ተጣብቆ ይመጣና ከታች ይረጋል። 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሣጥን እጅ የምታህል ዝቃጭ ሲይዝ የመውጫው አፍ ወደ ጭቃው ይቀርባል። የስቶክስ ሒሳብ ጥልቀት አያስፈልግም ቢለንም ለጭቃው ያስፈልጋል። ከመግቢያው በፊት የአፈር ማስቀሪያ በርሜል እናስቀምጣለን፤ ለአፈሩ ያው ቀመር ተገልብጦ ይሠራል፣ በእፍግታ 2.65 ጊዜ ከውሃ የሚከብድ አሸዋ ግን ከዘይት ጠብታ በብዙ ይፈጥናል። የሸክላው ደቃቅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከክረምቱ በፊት በርሜሉን ገጥመን ጭቃውን በባልዲ እንለካለን።